ጣና ዳር ያለች ከተማ ዋና የውሃ መስመሯን ስትቀይር

በቅርቡ ሌላ ወረዳ ውሃ አገልግሎት ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «እኛም ዋናውን መስመር ልንቀይር ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኩት ነገር አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ስለ ጎርፉ አልነገርኩትም። ስለ ቀትር ፀሐዩም አልነገርኩትም። ስለ ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ በቅጡ አላነሣሁለትም፣ እሳቸው ባይኖሩ ግን ሥራው ዛሬም ባላለቀ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈው አልኩ። ከተማዋን በስም አልጠራም፣ ሰዎቹንም እንዲሁ። እኔ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኜ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሥራው ላይ ነበርኩ።

ከተማዋና መስመሩ

ከተማዋ ጎጃም ውስጥ፣ ጣና ዳር ናት። ጣና ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተማዋ ከኮረብታ ግርጌ ትጀምርና ቁልቁል እስከ ሐይቁ ትወርዳለች። ላይ ሰፈር አለ፣ መሃል ላይ ገበያው አለ፣ ከዚያ ታች ሰፈር። ታች ሰፈር ውስጥ ዓሣ አጥማጆች፣ ደንገል እየቆረጡ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች፣ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ እናቶች ይኖራሉ።

የቧንቧው ውሃ የሚመጣው ከሐይቁ አይደለም። ከኮረብታው ጀርባ የጎለበተ ምንጭ አለ። ውሃው ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት ማጠራቀሚያው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በዋናው መስመር ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ይህ ዋና መስመር 2.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሮጌው ባለ 3 ኢንች ጋልቫናይዝድ ብረት ነበር፣ የተቀበረው በደርግ ጊዜ ነው።

ከማጠራቀሚያው እስከ ታች ሰፈር የከፍታው ልዩነት 60 ሜትር ገደማ ነው። 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ ታች ሰፈር ላይ ውሃው ቆሞ ሲለካ ወደ 6 ባር መገኘት ነበረበት። እኛ ቀን ላይ ቦኖው ጋ ስንለካ 1 ባር እንኳ አይሞላም ነበር።

ችግሩ

መጀመሪያ ሁሉም ሰው ያሰበው ምንጩ እንደደከመ ነው። ስንለካው ምንጩ ደህና ነው። ማጠራቀሚያው ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል፣ ታች ሰፈር ግን ጀሪካን ተሰልፎ ያድራል። በየስብሰባው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ሳይነሣ አይታለፍም ነበር። ከሐይቁ መቶ እርምጃ ላይ ተቀምጦ ውሃ መጠማት ለሰሚውም ይከብዳል።

ከመሃል መስመር አንድ ቁራጭ ቆርጠን አወጣን። ውስጡ በዝገት ጎርበጥባጣ ሆኗል፣ 3 ኢንች የነበረው ቀዳዳ ሁለት ጣት በግድ ያስገባል። ላዩም በየመጋጠሚያው ተበልቷል። ከገበያው በታች ያለው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ያን ሁሉ ዓመት ቧንቧውን ወዲያና ወዲህ ሲጎትተው ኖሯል። ጥርስ የወጣለት የብረት መጋጠሚያ ይህን አይችልም። አንዱን ስብራት በጎማና በሽቦ አስረን ስንመለስ ከላዩ ወይም ከታቹ ሌላ ይከፈታል።

ከማነሱ የባሰው ግን መቆሸሹ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲሰጥ መስመሩ በቀን ውስጥ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ባዶ መስመር ደግሞ ይስባል። ውሃው ወደ ታች ሲንሸራተት ከኋላው በየቀዳዳው ከዙሪያው ያለውን ነገር ወደ ውስጥ ይጎትታል። ታች ሰፈር በክረምት ማብቂያ አንድ ክንድ ብትቆፍር ውሃ ታገኛለህ፣ መጸዳጃ ቤቱም እዚያው አጠገብ ነው። አንድ ክረምት ላይ የጤና ጣቢያው ባለሙያ መጥታ «ከታች ሰፈር ተቅማጥ ይዟቸው የሚመጡ ሕፃናት በዝተውብኛል፣ ውሃችሁን እዩልኝ» አለችን። ዝቅተኛውን ቦታ ከፈትን። ቧንቧው ውስጥ ጭቃና የሣር ሥር ነበር። እኔ ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም፣ ያ ውሃ የሰው ልጅ የሚጠጣው ነው።

የቧንቧው ውሃ ሲቀር ሴቶችና ልጆች ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ጣና ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ እንዳለ የታወቀ ነው፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እግርን ነክሮ መቅዳት ደግሞ በሽታው የሚይዝበት ዋናው መንገድ ነው። ስለዚህ ነገሩ መጠገን ሳይሆን መቀየር እንደሆነ ተስማማን።

መስመሩን መፈለግ

አዲሱን ከመቅበር በፊት አሮጌው የት እንዳለ ማወቅ አለብህ። ሲቆፈር እንዳይበሳ፣ ከእሱ ላይ የተቀጠለው ቤት ሁሉ እንዲታወቅ። መዝገብ ቤት ገብተን ካርታ ፈለግን። አንድ የተጣጠፈ ንድፍ ተገኘ። በንድፉ መሠረት መስመሩ በዋናው መንገድ ቀኝ በኩል ያልፋል። ሦስት ቦታ ቆፈርን፣ ሦስቱም ጋ አፈር ብቻ ነው።

ያኔ የቢሮአችን ሒሳብ ሰብሳቢ «ለምን ጋሼን አትጠይቋቸውም?» አለች። ጋሼ ያለቻቸው ሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ያ መስመር ሲቀበር በወጣትነታቸው ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ ናቸው፣ በኋላም እዚያው ቧንቧ ሠራተኛ ሆነው አርጅተዋል። ቤታቸው ሄድን።

«ጋሼ፣ መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

«የት ልረሳው ነው ልጄ። ይልቅ እናንተ የት ነው የቆፈራችሁት?»

ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያማ አለት ገጠመን። በዋርካው ሥር አዙረን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አወረድነው። መሐንዲሱ ያን ቀን አልነበረም። ከዚያ በኋላም የጻፈው የለም።»

ሁለት ቀን ሙሉ በትራቸውን ይዘው ከላይ እስከ ታች ከእኛ ጋር ተጓዙ። እዚህ ጋ ይታጠፋል ይላሉ፣ ችካል እንመታለን፣ ቦታውን በስልክ እንመዘግባለን። በጥርጣሬ አምስት ቦታ አስቆፈርኩ፣ አምስቱም ጋ ብረቱ ተገኘ። ለዓመታት ስንፈልጋቸው የነበሩ ሁለት ቫልቮችንም አሳዩን። አንዱ ከመንገዱ ጠጠር ሥር ነው። ሌላው ሰው ጓሮ ውስጥ፣ ጌሾ ተተክሎበት።

ሌላ ያላሰብነው እርዳታ ከሴቶቹ መጣ። ሽንቁር የት የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዷ እናት «በሚያዝያ አረንጓዴ ሣር ያለበትን ቦታ እዩ፣ ፍየሎቹ ወዴት እንደሚሮጡ እዩ» አሉን። በዚያ ብቻ አሥራ አንድ ቦታ ለየን። መሣሪያ ብንከራይ ያን ያህል የምናገኝ አይመስለኝም።

ምርጫውና ጊዜው

አዲሱን መስመር በአሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ላለማስገባት ወሰንን። አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ጎን ለጎን ይቀበራል፣ አሮጌው እስከ መጨረሻው ቀን እየሠራ ይቆያል። ይህ ውሳኔ ብዙ ነገር አድኖናል።

ቱቦው ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ኤች ዲ ፒ ኢ የሚባለው ሆነ። ፒቪሲ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ዋጋው ይቀንስ ነበር፣ ግን መጋጠሚያው ቱቦ በቱቦ ውስጥ ገብቶ በጎማ ቀለበት የሚያዝ ስለሆነ ዋልካው ሲንቀሳቀስ ይላቀቃል ብለን ፈራን። ኤች ዲ ፒ ኢ ግን ይተጣጠፋል፣ መጋጠሚያውም በሙቀት ተበይዶ አንድ አካል ይሆናል። የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 6.6 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 10 ባር የሚችለውን አዘዝን።

ዕቅዳችን ጥርና የካቲት ነበር። መሬቱ ደረቅ ነው፣ አዝመራ ተሰብስቧል፣ ሰው ጊዜ አለው። ቱቦው ግን የደረሰው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። በጀቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። እንግባ ወይስ እንጠብቅ ተባለ፣ እንግባ ተባለ። እኔም ካሉት አንዱ ነኝ።

መግባታችን ልክ ነበር፣ የጀመርንበት ቦታ ግን ስህተት ነው። ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው ጀመርን። መጋዘኑ እዚያ ስለሆነና ቁልቁል መውረድ የቀለለ ስለመሰለን ነው። ጣና ውሃው የሚጎድለው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው፣ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። ታች ሰፈርን ማድረቅ ሳያስፈልግ መቆፈር የሚቻለው ሐይቁ ዝቅ ባለበት በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። እኛ ያን ጊዜ ላይ ሰፈር ደረቅ መሬት ስንቆፍር ፈጀነው። ታች ሰፈር የደረስነው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ከታች ብንጀምር ላዩን ለኅዳር ማቆየት ይቻል ነበር፣ ኮረብታው የትም አይሄድ።

ቁፋሮው

ቁፋሮው በሕዝብ ጉልበት ነው። ለእያንዳንዱ አባወራ አራት ሜትር፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ደቦ የለመደ አገር ነው፣ ሰው በደስታ ነው የወጣው። አካፋ፣ ዶማ፣ ዲጂኖ ይዞ። አቅመ ደካሞችንና ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችን እድራቸው ቆፈረላቸው፣ ማንም ሳይጠይቅ።

ችግር የመጣው ከአለቱ ነው። አራት ሜትር ሁሉ እኩል አይደለም። አንዱ ቀይ አፈር ደርሶት በግማሽ ቀን ጨርሶ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ አለት ላይ ሳምንት ይቀጠቅጣል። በሦስተኛው ቀን ሰው መጉረምረም ጀመረ፣ በአምስተኛው የላይ ሰፈር አንድ መንደር ሥራ አቆመ። ትክክል ነበሩ። የእድሩ ዳኞች ተሰብስበው አለት ለደረሰው አንድ ሜትሩ እንደ አራት ሜትር ይቆጠር አሉ፣ የቀረው መሬት ደግሞ በዕጣ ይከፈል። ሰው ዕጣ ያምናል። በማግሥቱ ሁሉም ተመለሰ።

የበዓል ቀናትንም ቀድመን መቁጠር ነበረብን። በወር በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 መሬት የሚቆፍር የለም፣ ሌላም የደብሩ ክብረ በዓል አለ። የእኛ የሥራ መርሐ ግብር ይህን ሳያስገባ ስለተሠራ ገና ከመጀመሪያው ወር ወደ ኋላ ቀርተን ታየን። በእርግጥ የቀረ ሰው አልነበረም፣ ቀድሞውኑ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ መካነ መቃብር ስላለ ከአስተዳዳሪው ጋር ተነጋግረን መስመሩን ስድስት ሜትር አዞርነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሳይነገራቸው ብንቆፍር ኖሮ ምን እንደሚመጣ ማሰብ አልፈልግም።

ከቱቦው የተማርነው

ቱቦው ባለ 50 ሜትር ጥቅል ሆኖ ነው የመጣው። ጥቅሉ እንደ ታጠፈ ምንጣፍ አይምሰልህ፣ እንደ ተወጠረ ቀስት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወጣት ማሰሪያዎቹን ሁሉ ባንዴ ቆረጣቸው። ጫፉ ተፈናጥሮ ትከሻውን መታው፣ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ማስጠንቀቅ የነበረብን እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ጫፉን በገመድ አስረን፣ ማሰሪያውን ከውጭ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ እየፈታን ነው የዘረጋነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሌሊት መጣ። ከገበያው በታች 200 ሜትር ያህል ዘርግተን፣ በይደን፣ «አፈሩን ነገ እንመልሳለን» ብለን ገባን። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስንመጣ ጉድጓዱ ቦይ ሆኗል፣ ቱቦው እንደ ታንኳ ተንሳፎ ላይ ወጥቷል። ይህ ፕላስቲክ ከውሃ ይቀላል፣ ውስጡም አየር ነው፣ ስለዚህ ይንሳፈፋል። ጎርፉ ደግሞ በሥሩ ደለል አስገብቷል። ያን ሁሉ ማውጣት፣ ታቹን መጥረግ፣ አሸዋውን እንደገና ማንጠፍ ሦስት ቀን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። ቀን የተዘረጋው ቱቦ ሳይመሽ በውሃ ተሞልቶ ጫፉ ይደፈናል፣ መጋጠሚያው ብቻ ክፍት ቀርቶ መሃሉ አፈር ይለብሳል። ሁለት ጊዜ ከባድ ዝናብ መጣ፣ ቱቦው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሦስተኛውን ለማወቅ ግን ቆየን። ከቫልቮቹ ጋር ቱቦውን የሚያገናኘው በመጥበቅ የሚይዝ መጋጠሚያ ነው። አጥብቀን እንሄዳለን፣ ጠዋት ስንመጣ ቱቦው ከመጋጠሚያው ወጥቶ እናገኘዋለን። ሁለት ጊዜ ሆነ። ሰው ነክቶት ነው ብለን ጠረጠርን፣ ጠባቂውንም አስቀየምነው። ነገሩ ፀሐይ ነበር። ጥቁር ቱቦ በቀትር ይግላል፣ ሲግል ይረዝማል። መቶ ሜትሩ በየአንዱ ዲግሪ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ቀን እና ሌሊት 20 ዲግሪ ቢለያዩ አርባ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እኛ በቀትር፣ ረዝሞ ሳለ፣ ልኩን ቆርጠን እናጠብቀዋለን። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያጥርና ራሱን ይነቅላል። መፍትሔው ቀላል ሆነ። መሃሉ አፈር ለብሶ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ ላይ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ማገናኘት። ጠባቂውን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ብየዳው ላይ የተበላሸብን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በመቸኮል ነው። ሁለቱ ጫፎች በ220 ዲግሪ ገደማ ከቀለጡ በኋላ ተጭነው እንደተያዙ መቀዝቀዝ አለባቸው። ማሽኑን ተውሰን ስለነበር ቶሎ እንመልስ ብለን አንዱን ሳይቀዘቅዝ ፈታነው። ሲሞከር የተከፈተው እሱ ነው። ጥሩ ብየዳ ዙሪያውን ሁለት እኩል ከንፈር ያወጣል፣ ያኛው ከንፈሩ በአንድ ወገን ቀጭን ነበር። አይተነው አልፈነዋል።

አፈር መመለሱም የራሱ ነገር አለው። ዋልካው ተቆፍሮ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጓላል። ያን ጓል ቱቦው ላይ መልሶ መጣል ቱቦውን ይቧጭራል፣ ያጎብጣል። አሥር ሴንቲ ሜትር አሸዋ ከታች፣ ከላዩም እንዲሁ፣ ከዚያ ነው ዋልካው። አሸዋ በአህያ ከወንዝ ነው የመጣው።

ሙከራና ማጽዳት

ለሙከራ ከሥራ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል፣ 9 ባር አስገባን። ወዲያው የግፊት መለኪያው መውረድ ጀመረ። ደነገጥን። የሚያፈስ ቦታ ፍለጋ አንድ ቀን ሙሉ የተቀበረ መጋጠሚያ ስንቆፍር ዋልን፣ ሁሉም ደረቅ ነው። የማናውቀው ነገር ይህ ፕላስቲክ ግፊት ሲገባበት ቀስ እያለ የሚለጠጥ መሆኑን ነው፣ ስለዚህ ሳያፈስም ግፊቱ ይወርዳል። ሞልቶ፣ በግፊት አድሮ፣ በማግሥቱ እንደገና ተሞልቶ ነው መለካት ያለበት። እንዲህ ስናደርግ ያቺ የተቸኮለባት ብየዳ ብቻ ተገኘች።

ከዚያ ማጽዳት። አዲስ ቱቦ ንጹሕ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አፈርና የእጅ ቆሻሻ አለ። 2.3 ኪሎ ሜትሩ ወደ 17,000 ሊትር ይይዛል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲኖር ጥንካሬው 65 በመቶ ከሆነው የክሎሪን ዱቄት 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። በውሃ በጥብጠን ከላይ እየጨመርን ሞላነው፣ 24 ሰዓት አቆየነው። ሲለቀቅ ግን ወደ ሐይቁ መሄድ የለበትም። እንዲህ የጠነከረ ክሎሪን ዓሣ ይገድላል፣ ታች ሰፈር ደግሞ የሚኖረው በዓሣ ነው። ከሐይቁ የራቀ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረን እዚያ ለቀን፣ ፀሐይ እስኪያጠፋው አጥረን አቆየነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥበን፣ ቦኖው ጋ ክሎሪኑ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ለሰው ከፈትን።

ቤቶቹን ማዛወር

እኔ ሥራው አልቋል ብዬ ያሰብኩት እዚህ ጋ ነው። ግማሹ ገና ነበር።

ከአሮጌው መስመር እያንዳንዱን ቤት ነቅለን ወደ አዲሱ ስናዞር ከመዝገቡ ውጭ የተቀጠሉ 23 ቤቶች ተገኙ። ወዲያው «ሌቦች ናቸው፣ ይቀጡ» የሚል ድምፅ ተነሣ። አንዲት አሮጊት እናት ቤት ስንደርስ «እማማ፣ እርስዎ መዝገብ ላይ የሉም» አልናቸው። ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ከሙዳያቸው የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ደረሰኝ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም አለበት። የማስገቢያ ገንዘብ ከፍለዋል፣ የከፈሉበት ዘመን ከእኔ ሥራ መግባት ይቀድማል። ሳይመዘግብ የቀረው ቢሮው ነው። «ልጄ፣ ሰው ሲመጣ ይጠይቀኛል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ። አፍሬ ወጣሁ።

ሒሳብ ሰብሳቢዋ ያመጣችው ሐሳብ ነው የሠራው። ለአንድ ወር ማንም መጥቶ ራሱን ቢያስመዘግብ ቅጣት የለም፣ ቆጣሪ ይገባለታል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከፍላል። የከተማው አስተዳደር መጀመሪያ አልተቀበለውም፣ ደረሰኙን ሳሳያቸው ተቀበሉ። ከ23ቱ 21 መጡ።

በመጨረሻ አሮጌውን ዘጋን። በአንድ ቀን፣ ሙሉ በሙሉ። በማግሥቱ ጠዋት የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ እየሮጠች መጣች፣ ውሃ የላቸውም። ጣቢያው የተቀጠለው ማንም ከማያውቀው ቅርንጫፍ ላይ ነበር፣ ጋሼም ጡረታ ከወጡ በኋላ የተሠራ ነው። አሮጌውን መልሰን ከፈትን። ከዚያ ቫልቩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያጠበብን፣ ማን ውሃ እንደቀነሰበት እየጠየቅን፣ በአሥር ቀን ዘጋነው። ሌሎች ሦስት ቤቶች እንዲሁ ተገኙ።

የተሳካውና ያልተሳካው

ታች ሰፈር ቦኖ ላይ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር፣ አሁን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ማጠራቀሚያው ሌሊት ሞልቶ መፍሰሱን አቁሟል። ከሁሉ የሚያስደስተኝ በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት ነው። ቦኖው ጋ ወረፋ ስላልነበረ ልጆች ጀሪካን ሳይዙ ደብተር ይዘው ሲሄዱ አየሁ።

ያላሰብነው ጉዳትም መጣ። ግፊቱ ሲጨምር ታች ሰፈር ውስጥ ወደየቤቱ የሚገቡ አሮጌ የብረት ቧንቧዎች መፈንዳት ጀመሩ። ለዓመታት ዝገት ብቻ ነበር የያዛቸው። በአንድ ወር ውስጥ በየጓሮው ስንሮጥ ከረምን። ግፊቱን ቀስ በቀስ መልቀቅ፣ ለሰውም ቀድሞ መንገር ነበረብን። ብዙዎቹ እናቶች ለመጠገን የከፈሉት ገንዘብ ያላሰቡት ወጪ ነው።

ፈረቃውም ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ውሃ በደንብ ሲመጣ ሰው በደንብ ይጠቀማል፣ ምንጩ ግን ያው ነው። በሚያዝያና በግንቦት ማጠራቀሚያው ከሰዓት በፊት ይጎድላል። ለሕዝቡ «መስመሩ ሲቀየር ፈረቃ ይቀራል» ብለን ነበር፣ ማለት አልነበረብንም።

ሌላ ቦታ ለሚሠራ

ለጓደኛዬ በስልክ ልነግረው የሚገባኝ ይህ ነበር።

ካርታ ከሌለህ ሰው ፈልግ። በየከተማው አንድ ጋሼ አሉ፣ አንዳንዱ ጋ በሕይወት ያሉት የመጨረሻው ናቸው። ዛሬ ሂድና አብረሃቸው ተጓዝ፣ መሬት ላይ ያለውን ጻፍ፣ የሥራውን ቀን አበል ክፈላቸው። እኛ በየታጠፈበት ቦታ ከምን ስንት ሜትር እንደሚርቅ የተጻፈበት ደብተር ሠርተን አንዱን ቢሮ፣ አንዱን ቀበሌ፣ አንዱን ሒሳብ ሰብሳቢዋ ጋ አስቀምጠናል።

ሐይቅ ወይም ወንዝ ዳር ከሆንክ ከዝቅተኛው ቦታ ጀምር፣ ውሃው በጎደለበት ሳምንት። ዕቃው ዘግይቶ ከደረሰ ዕቅዱን አጥፈህ ከታች ጀምር። አሮጌውን መስመር አትንካው፣ ሁሉም ቤት ተዛውሮ እስኪያልቅ ይሥራ፣ ሲዘጋም በአንድ ቀን አይዘጋ። ማለዳ አገናኝ። የዘረጋኸውን ሳይመሽ በውሃ ሙላው። ከመዝገብ ውጭ ቤት ስታገኝ ከመቅጣትህ በፊት የራስህን መዝገብ እይ። የበዓላቱን ቀን ከቄስ ጠይቀህ መርሐ ግብርህ ላይ አስቀድመህ ጻፍ። ለሕዝብ የምትገባው ቃል ስለ ቱቦው ብቻ ይሁን፣ ስለ ምንጩ አይሁን።

አሁን ያለበት

ከገበያው በላይ መስመሩ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ጉብታው ላይ አየር ይጠራቀማል፣ አየር ሲጠራቀም ውሃው ይታፈናል። እዚያ በራሱ የሚሠራ የአየር ማስወጫ ቫልቭ አስገብተን ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ተበላሸ። ምትኩን ጠይቀናል፣ እስካሁን አልደረሰም። እስኪመጣ ድረስ በእጅ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ አድርገንበታል። በየሰኞው ማለዳ አንዱ ቧንቧ ሠራተኛችን ይወጣና ይከፍተዋል፣ አየሩ እየነፋ ይወጣል፣ ውሃ ሲመጣ ይዘጋዋል። ሲወጣ የጋሼን የልጅ ልጅ ይዞት ይሄዳል፣ ልጁ በዚህ ዓመት ቴክኒክና ሙያ ገብቷል።